«ካስፓሮቭ ያሸንፋል» ብዬ ከጓደኛዬ ተጣላሁ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፦

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 63 ነው፤ የምኖረው አዳማ። የምጽፍልዎት ጉዳይ ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። ባለቤቴ «ለስልክ ብላችሁ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንድ የልብ ጓደኛ አለኝ። አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል። ከ30 ዓመት በላይ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቼዝ ስንጫወት ኖረናል። ሰሌዳውን ግማሽ ግማሽ አዋጥተን ነው የገዛነው። አንድ ጥቁር ወታደር ከጠፋ ዘመን የለውም፤ በእሱ ምትክ የአምቦ ውሃ ቆርኪ እናስቀምጣለን። የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል። ሌላ ጨዋታም ሌላ መዝናኛም የለንም።

ዘንድሮ ልጁ ከውጭ ጥሩ ስልክ ላከለት። ከዚያ ወዲህ ነገር ተበላሸ። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር እርምጃዎቻችንን አንድ በአንድ ስልኩ ውስጥ ያስገባና «እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ብሶብሃል» ይለኛል። ቀይ ምልክት ያሳየኛል። ያሸነፍኩትን ጨዋታ ሳይቀር! ባለፈው የሰፈር ወጣቶች ከበውን ሳለ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ተናድጄ «ይሄ ዕቃ እውነተኛ ግራንድማስተር ፊት ቢቀመጥ ዋጋውን ያገኝ ነበር። ካስፓሮቭ 4 ለ 2 አሸንፎታል» አልኩ። እሱ ደግሞ «ያንተ ካስፓሮቭ በዚህች ስልክ ይሸነፋል። አንተ እንደሆንክ የድሮ ሰው ነህ» አለኝ። ሰሌዳውን አጥፌ በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም። አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ከሩቅ አንገት ሰበር አድርገን ተላለፍን። አንድ ነገር ልጨምር። ከመጣላታችን በፊት ሁለት ጊዜ በጨዋታ መሃል ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጥቶ ነበር። ክፉ ማሰብ አልፈልግም፤ ግን አስቤያለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ማን ነው ልክ? እውነቱን ይንገሩኝ። ደግሞስ እኔ ልሂድ ወይስ እሱ ይምጣ?

ባለሰሌዳው፣ ከአዳማ

* * *

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ባለቤትዎ ቢስቁም እኔ አልሳቅኩም። ሒሳቡን እርስዎ ይበልጥ ያውቁታል። የበዓሉ፣ የዝናቡና የለቅሶው ሁሉ ተቀንሶ እንኳ ከአንድ ሺህ ቅዳሜ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲቋረጥ እንቅልፍ ቢጠፋ አይገርምም።

እውነቱን ይንገሩኝ ስላሉ ከመራራው ልጀምር። በክርክሩ ጓደኛዎ ልክ ናቸው።

እርስዎም የፈጠሩት ነገር የለም። ያሉት ጨዋታ በእርግጥ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1996፣ በእኛ የካቲት 1988 መሆኑ ነው፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ የሚባለውን የአይቢኤም ኩባንያ የቼዝ ኮምፒውተር ፊላደልፊያ ላይ 4 ለ 2 አሸነፈው። ያኔም ቢሆን የመጀመሪያዋን ጨዋታ የወሰደው ማሽኑ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ግን ኒውዮርክ እንደገና ተገናኙ። ዲፕ ብሉ ተሻሽሎ መጣ። በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ይመረምር ነበር። ስድስተኛዋና የመጨረሻዋ ጨዋታ በ19 እርምጃ አለቀች፤ ውጤቱም 3 ተኩል ለ 2 ተኩል ሆኖ ማሽኑ አሸነፈ። እርስዎ የመጀመሪያውን ዙር ይዘው ቀሩ፣ ጓደኛዎ ሁለተኛውን። እንዲህ ያለ ክርክር በየሻይ ቤቱ ሞልቷል።

«አንድ ጊዜ ተሸነፈ፣ ምን አለበት» ይሉኝ ይሆናል። ለጥቂት ዓመታት እኮ ልክ ይሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላው የዓለም ሻምፒዮን ቭላዲሚር ክራምኒክ ባህሬን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል የቼዝ ፕሮግራም ጋር 4 ለ 4 ወጣ። በ2003 ካስፓሮቭ ራሱ ዲፕ ጁኒየር ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ጋር 3 ለ 3 ተለያየ። ከዚያ በኋላ ነው ቁልቁለቱ የመጣው። በ2005 ማይክል አዳምስ፣ ያኔ ከዓለም አሥር ምርጦች አንዱ የነበረው እንግሊዛዊ፣ ሃይድራ ከሚባል ማሽን ጋር ስድስት ጊዜ ተጫወተ። ያገኘው አንድ አቻ ብቻ ነው። አምስቱን ተሸነፈ።

የሚቀጥለውን ዓመት ቀስ ብዬ ልንገርዎ፤ እኔ ራሴ ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ቦታው ጀርመን፣ ቦን ከተማ። ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮን ነው። ሁለተኛዋ ጨዋታ ላይ ምንም የሚያሰጋው ነገር አልነበረም። ረጋ ብሎ ንግሥቱን አንቀሳቀሰ። ኩባያውን አንስቶ ወደ ማረፊያው ሊሄድ ተነሳ። ማሽኑ በአንዲት እርምጃ ቼክሜት አለው። በአንዲት! እኛ ለጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የምናሳያትን ዓይነት ቼክሜት ሻምፒዮኑ አላያትም። ማሽኑ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። አይደክመውም፣ ትናንት ማታ በደንብ አልተኛሁም አይልም፣ ስለ ልጁ አያስብም። ግጥሚያው 4 ለ 2 አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሰውንና ማሽንን በእኩል ደረጃ አስቀምጦ ትልቅ ግጥሚያ ማዘጋጀት ቀርቷል ማለት ይቻላል። ውጤቱ የታወቀ ነገር ማን ትኬት ይቆርጥበታል?

ስለ ስልኩም ቢሆን ጓደኛዎ አላጋነኑም። እ.ኤ.አ. በ2009 ቦነስ አይረስ ውስጥ ፖኬት ፍሪትዝ 4 የሚባል ፕሮግራም በእጅ ስልክ ላይ ሆኖ ውድድር ገባ። ከ10 ነጥቦች 9 ተኩሉን ሰበሰበ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ስልክ በሰከንድ 20 ሺህ አቀማመጥ እንኳ አያይም ነበር። ከዲፕ ብሉ 200 ሚሊዮን ጋር ያወዳድሩት። እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ ሁሉንም ከመቁጠር ይልቅ የትኛውን መቁጠር እንደማያስፈልገው አወቀ።

ዛሬስ? ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን የደረሰበት ከፍተኛ ሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ፣ 2882 ነው፤ ከሰው ልጅ በላዩ የወጣ የለም። ስልክ ላይ በነጻ የሚጫነው ስቶክፊሽ የሚባል የቼዝ ፕሮግራም በማሽኖች ሠንጠረዥ 3600 አካባቢ ይቀመጣል። ሁለቱ ሠንጠረዦች በአንድ ሚዛን አልተለኩም፤ እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ዝም ብለው እንደማይቀንሱ አውቃለሁ። ግን ለግምት ያህል፣ በሬቲንግ ቀመር የ700 ልዩነት ማለት ጠንካራው ከ100 ነጥቦች 98 ያህሉን ይወስዳል ማለት ነው። ለዚህ ነው አሁን አሁን ማሽኑ አንድ ነገር ጎድሎበት እንዲጀምር የሚደረገው። በ2016 አሜሪካዊው ግራንድማስተር ሂካሩ ናካሙራ ኮሞዶ ከሚባል ፕሮግራም ጋር አራት ጨዋታ ተጫወተ። በአንዷ ማሽኑ አንድ ወታደር ተቀንሶበት ነበር፣ በሌላዋ ናካሙራ አራት እርምጃ በነጻ ተሰጥቶት ጀመረ። ሦስቱ አቻ ሆኑ፤ አራተኛዋን ማሽኑ ወሰደ። ይቺን የጎደሎ ነገር አይርሷት፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ይኸው ነው፤ መራራው አለቀ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን ልብዎን የወጋው የቱ ነው? የካስፓሮቭ ነገር ነው? የልጆቹ ሳቅ ነው? ወይስ «የድሮ ሰው ነህ» የሚለው?

እኔ ስገምት ካስፓሮቭ ከመጨረሻ ነው። እርስዎ እኮ በቀይ እስክርቢቶ የሰው ደብተር ሲያርሙ የኖሩ ሰው ነዎት። በ63 ዓመትዎ፣ በወጣቶች ፊት፣ ደብተርዎ ሲታረም ተነበበ። ይህ ያማል። ማሽኑ ከግራንድማስተር መብለጡ ሕመሙን ትክክል አያደርገውም። ጓደኛዎ በእውነታው ልክ ሆነው በአነጋገራቸው ሊያጠፉ ይችላሉ፤ አጥፍተዋልም።

ግን እሳቸውም መምህር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቀይ እስክርቢቷን የት አደረጓት ብለው ያውቃሉ? ስልኩንስ የላከው ማን ነው? ሩቅ ያለ ልጅ። አንዳንድ አባት ልጁ የላከለትን ጃኬት በሙቀት ለብሶ ይዞራል። ጓደኛዎ ያን ስልክ ጠረጴዛ ላይ ባወጡ ቁጥር ምናልባት ሊያሳዩዎት የፈለጉት የእርስዎን ስህተት ላይሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም። እርስዎ ያውቋቸዋል፤ እስቲ ያስቡበት።

ስለ ቀይ ምልክቱ ደግሞ አንድ ሚስጥር ልንገርዎ። ስልኩ ለእሳቸው ስንት ቀይ ሰጣቸው? አይተው ያውቃሉ? እርስዎ 18ኛው እርምጃ ላይ ተሳስተው እሳቸው ካልቀጡዎት፣ 18ኛው ላይ የእሳቸውም ቀይ አለ። ባሸነፉት ጨዋታ ላይ ቀይ ከበዛብዎ የእሳቸው ብሶ ነው እንጂ እንዴት ያሸንፉ ነበር? ያ ስልክ ለሁለታችሁም አይራራም። ካርልሰንም ጨዋታውን ቢያስገባበት ቀይ አያጣም። ለአንዳችሁ ምስክር ሊሆን አይችልም፣ ሁለታችሁንም ከሶ ነው የተቀመጠው። ደግሞ ማሽኑ «ይሻል ነበር» የሚለው እርምጃ ብዙ ጊዜ ከኋላው ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያሰላው የማይችል ሃያ እርምጃ አለበት። ለእርስዎና ለጓደኛዎ ሰሌዳ የሚሻለው እርምጃ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ለራሴ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርጌው እንኳ እሸነፋለሁ፣ ስለዚህ እንደ ባለሙያ አልናገርም።

ወደ ጓሮው እንሂድ። ሁለት ጊዜ ወጡ አሉ። ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ወደ ጓሮ ለመመላለስ የቼዝ ምክንያት አያስፈልግም። ልጃቸውም ከውጭ ደውሎ ሊሆን ይችላል። ከጓሮ ሲመለሱ ከወትሯቸው የተለየ እርምጃ አድርገው ነበር? ያን ቀን አሸንፈው ነበር? ካላስታወሱ ጥርጣሬዎ መነሻ የለውም ማለት ነው። ቢያስታውሱም አያንሱት እላለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ካስፓሮቭም ጠርጥሮ ነበር። ያኔ የተጠረጠረው ማሽኑ በሰው ታግዟል ተብሎ ነው። ዛሬ ተገልብጦ ሰው በማሽን ታግዟል እየተባለ ሰው ይጣላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ተጫዋች ያልተፈቀደ ስልክ ይዞ ከተገኘ ጨዋታውን ይሸነፋል። ትልልቆቹ ራሳቸው እየተፈተሹ ነው የሚገቡት። እናንተም የሁለታችሁን ስልክ ጠፍቶ ለሻይ ቤቷ ባለቤት አስረክቡ። የሁለታችሁንም፤ የእሳቸውን ብቻ አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ ትመልስላችኋለች። ማንም ማንንም ሳይከስ ጥርጣሬው እዚያው ይቀራል።

«እኔ ልሂድ ወይስ እሱ ይምጣ?» ላሉት እርስዎ ይሂዱ። ይበልጥ ስላጠፉ አይደለም። ሰሌዳው እርስዎ ቤት ስላለ ነው። ግማሹ የእሳቸው ነው፤ መጥተው «ግማሼን ስጠኝ» ሊሉ አይችሉም። ደግሞ የካስፓሮቭን ነገር እንደወደዱት አይቻለሁና አንድ ልጨምርልዎ። በ1997ቱ ሁለተኛ ጨዋታ ካስፓሮቭ ተስፋ ቆርጦ እጁን ሰጠና ከሰሌዳው ተነስቶ ሄደ። ማሽኑ ሁሉን አይቶ ጨርሷል ብሎ አመነ። በማግስቱ የራሱ ሰዎች ነገሩት፤ ንጉሡን ደጋግሞ ቼክ እያለ አቻ መውጣት ይችል ነበር። ተነስቶ ሲሄድ ጨዋታው ገና አላለቀም ነበር።

ቅዳሜን አይጠብቁ፤ ሻይ ቤቱም አይሁን። እዚያ ልጆቹ አሉ፣ ሁለታችሁም ትወጣጠራላችሁ። በአዘቦት ቀን፣ ማታ ላይ፣ ቤታቸው ይሂዱ። ሽማግሌ መላክ ለዚህ ይበዛል። የሚሉትን አያብዙት። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ካስፓሮቭ በሁለተኛው ተሸንፏል፤ ጠይቄ ደረስኩበት። አንተ ልክ ነበርክ። ግን በልጆች ፊት አታርመኝ፣ ከፍቶኛል።» የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም። ይሳቁ። የመጨረሻዋ ግን ሳትባል እንዳትቀር፤ እሷን ከዋጡ በሌላ ቅዳሜ ትመጣብዎታለች። ወዲያው ካልተመለሱልዎ አይጫኗቸው። ሻይ ጠጥተው ይውጡ። ባለቤትዎ ደግሞ መሳቁን ትተው ለእሳቸው ባለቤት አንድ ጊዜ ቢደውሉ ነገሩ ይፈጥናል።

ስልኩን ጨርሶ ማባረር ግን አልመክርዎም፤ የልጅ ስጦታ ነው። ለእሱም ቦታ ስጡት። ጨዋታው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻችሁን ሰሌዳው ላይ መልሳችሁ ተነጋገሩበት። የት ጋ እንደተበላሸ ተከራከሩ። ያልተስማማችሁበትን አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ስልኩን ጠይቁት። ግራንድማስተሮቹም ዛሬ ከማሽን ይማራሉ። አልፋዜሮ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉን ብቻ ተነግሮት ከራሱ ጋር እየተጫወተ በአራት ሰዓት ውስጥ ስቶክፊሽን በልጦ ተገኘ። የዳር ወታደሩን ወደ ተቃራኒው ንጉሥ ሽቅብ ሲገፋ ያዩ ትልልቅ ተጫዋቾች እነሱም መግፋት ጀመሩ።

ለመታረቂያችሁ ቀን ደግሞ ይህን ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ሁለታችሁ አንድ ወገን ሁኑ፤ ስልኩ ሌላ ወገን። ያቺን የጎደሎ ነገር አይርሷት ያልኩዎት ለዚህ ነው። ስልኩ ያለ ንግሥቱ ይጀምር። ንግሥት ጎድሎበትም ማሸነፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ተመካክራችሁ፣ ተቆጣጥራችሁ፣ «ቆይ ቆይ፣ እሱን አትንካ» እየተባባላችሁ ነው የምትጫወቱት። ልጆቹ ይክበቧችሁ። ቢሸነፉም አብራችሁ ነው። ሻይ ማን ይከፍላል የሚለውን ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ስልኩ ኪስ የለውም።

ሌላ ቅዳሜ ደግሞ የአያቶቻችንን ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን የድሮ ቼዝ፣ ሞክሩት። እንደሚያውቁት በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። ወረራ ይባላል፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ በየፊናቸው ያንቀሳቅሳሉ። ሁለት የጡረታ መምህራን እጅ ለእጅ እየተጋጩ ሲቻኮሉ ባየሁ!

እስከዚያው ሰሌዳውን ከተደበቀበት አውጥተው አቧራውን ይጥረጉ። ጠጠሮቹን ይቁጠሩ፤ 31 እና አንድ ቆርኪ መሆን አለባቸው። በብብትዎ ይዘው ሲሄዱ ቆርኪዋ መንገድ ላይ ወድቃ ከሆነ፣ ወደ እሳቸው ቤት ሲያልፉ አንድ አምቦ ውሃ ይግዙ።